ከመርሐ ግብሩ የወጣው ስም

አንድ ስም ለመሰረዝ የሚፈጀው ጊዜ ሻይ ውስጥ ስኳር ከመጨመር አይበልጥም። እኔ በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አንድ ስም ሰርዣለሁ። ስሙ ከወረቀቱ ወጣ፤ ከእኔ ኅሊና ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ጉዳዩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባን ዙሪያ የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳው ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ጎረቤታሞች ይባሉ እንጂ እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በአብዛኛው በአዲስ አበባ በኩል ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ነው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፤ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። የቡራዩ ልጅ የሱሉልታ ጓደኛውን ለማግኘት በአስኮና በአዲሱ ገበያ በኩል ታክሲ መቀያየር አለበት። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ያን ጊዜ ግን ለየብቻቸው የቆሙ ከተሞች ነበሩ። እናም ስድስት ሆነን አንድ ነገር አሰብን። የሦስቱ ከተሞች ወጣቶች ስለ ኮምፒዩተርና ስለ እጅ ስልክ ፕሮግራም አሠራር የሚማማሩበት አንድ ቀን እናዘጋጅ አልን። ተናጋሪዎቹ ከውጭ የመጡ ሊቃውንት ሳይሆኑ እዚያው አቧራ ላይ ያደጉ ልጆች ይሁኑ አልን። ሰበታ ውስጥ አዳራሽ በነፃ የሚሰጠን ተገኘ። የጽሕፈቱ ሥራ፣ ማለትም ጥሪውና መርሐ ግብሩ፣ «አንተ ጋዜጠኝነት ተምረሃል» ተብሎ ለእኔ ደረሰ።

ከተናጋሪዎቹ መካከል አንድ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መዝገብ በስልክ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቷል። ማን ስንት ኪሎ ስኳር እንደወሰደ፣ ማን መቼ እከፍላለሁ እንዳለ፣ ባለሱቁ ያንን ቅባት የነካውን ደብተር ሳያገላብጥ በስልኩ ያየዋል። ንግግሩ ስለዚህ ነበር፤ ለሰላሳ ደቂቃ ብቻ።

ዝግጅቱ አራት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው በስልኩ አንድ ጽሑፍ አሳየኝ። ልጁ በ2011 ዓ.ም. በፌስቡክ የጻፈው ነው። አንድን ወገን በጅምላ የሚወቅስ፣ የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ነበር። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልናገርም። ብናገር አንባቢ ከዚህ በኋላ የሚያነበው ነገሩን ሳይሆን ወገኑን ይሆናል። ከስድስታችን አንዷ የቡራዩ ልጅ ነች። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር ቡራዩ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን ትተው ሸሹ። ከሸሹት መካከል የእርሷ ወንድም ነበረበት። ጽሑፉን አይታ ብዙ አልተናገረችም። «እርሱ ካለ እኔ አልመጣም» ብቻ አለች። ወሬው አዳራሹን የሰጡን ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ምርጫው አጠረ፤ ወይ ልጁ ወይ አዳራሹ።

ስሙን ሰረዝኩት። ደወልኩለትና «ሰዓት ስለተጣበበብን የአንተን ለሌላ ጊዜ አሸጋግረነዋል» አልኩት። «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» አለኝ። ዝግጅቱ በሰላም ተካሄደ፤ ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ ፎቶ ተነሣን።

ለመሆኑ የሠራሁት ነገር ልክ ነበር ወይ? ልክ ካልነበረስ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ይህ ጥያቄ በፈረንጆቹ የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ብዙ ያጨቃጨቀ ነው። ኩርቲስ ያርቪን የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ አለ። በብዕር ስም ዴሞክራሲን የሚቃወሙ፣ ስለ ዘርና ስለ ባርነትም ብዙዎች ዘረኛ ያሏቸውን ጽሑፎች ሲጽፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚካሄደው «ስትሬንጅ ሉፕ» በተባለ ጉባኤ ላይ ስለሠራው ሶፍትዌር እንዲናገር ተጋብዞ ነበር። ተቃውሞ ሲነሣ አዘጋጁ ግብዣውን ሰረዘ። በዓመቱ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ውስጥ «ላምዳኮንፍ» የተባለው ሌላ ጉባኤ ይህንኑ ሰው ተቀበለ። የዚህኛው አዘጋጆች ንግግሮቹን የመረጡት የተናጋሪውን ስም ሸፍነው ነበርና ሰውየውን የመረጠው ሥራው እንጂ ስሙ አልነበረም። ስሙ ሲገለጥ ግን የማይቀረው ጭቅጭቅ መጣ። አዘጋጆቹ «አንሰርዝም» አሉ። በዚህም ምክንያት ስፖንሰሮችና ሌሎች ተናጋሪዎች ጥለዋቸው ወጡ። እንግዲህ አንድ ሰው፣ አንድ ሙያ፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ! ሁለቱም ደግሞ ያለ ዋጋ አልቀሩም።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ዘንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ገና ለጋ ነው፤ ሰውን ከመድረክ ማውረድ ግን የቆየ ልማድ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲባረሩ ከማስተማሪያ ሰሌዳው ፊት እንዲርቁ ተደርገዋል። ለእኔ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የድምፃዊ ቴዲ አፍሮ ታሪክ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት መቶኛ ዓመት በሚታሰብበት ሰሞን፣ ቴዲ አፍሮ «ወደ ፍቅር ጉዞ» በሚል ስያሜ በተለያዩ ከተሞች ሊዘፍን ተዘጋጅቶ ነበር። ስፖንሰሩ የሆላንዱ ሃይነከን እ.ኤ.አ. በ2011 ከመንግሥት የገዛው በደሌ ቢራ ነበር። በዚህ መሐል ድምፃዊው በመጽሔት ቃለ ምልልስ ላይ የምኒልክን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሏል የሚል ቃል በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጨ። በዚያ ዘመቻ አያቶቻችን ተጎድተዋል የሚሉ የኦሮሞ ወጣቶች በደሌ ቢራን አንጠጣም የሚል ንቅናቄ ጀመሩ። ድምፃዊው አላልኩም ብሎ አስተባበለ። ቢራ ፋብሪካው ግን ስፖንሰርነቱን አቋረጠ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ማንም ከመብቱ አልወጣም። ያዘነ ሰው ያንን ቢራ አልጠጣም የማለት መብት አለው። ኩባንያውም ገንዘቡን በፈለገው ቦታ ማዋል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ትንሽ ጥያቄ ተረግጣ አለፈች፤ «ሰውየው ይህን ቃል በእርግጥ ተናግሯል ወይ?» የምትለዋ። ውሳኔው የተሰጠው በጥያቄዋ መልስ ላይ አልነበረም። የተሰጠው በጩኸቱ ልክ ነው።

ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የዚሁ ድምፃዊ «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሊመረቅ ሲል ፖሊስ አስቆመው። በዚህ ጊዜ ያገደው ገበያ አልነበረም፤ መንግሥት ነበር። ሁለቱን አንድ ማድረግ ስህተት ነው። አንዱ «አልከፍልህም» ያለ ደንበኛ ነው፤ ሌላው «አትችልም» ያለ ባለ ጠመንጃ። ሆኖም ከተከለከለው ሰው በኩል ስናየው አንድ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። በሁለቱም ጊዜ መድረኩ ከመዘጋቱ በፊት ሰውየውን ጠርቶ «እስቲ አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም።

የተገላቢጦሹንም እንይ። በ2003 ዓ.ም. መስከረም ወር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንዲናገሩ ተጋበዙ። በውጭ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ግብዣውን ተቃወሙ፤ ደብዳቤ ጻፉ፤ በር ላይ ተሰለፉ። በዚያን ሰዓት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ እስር ቤት ነበሩ። «እርሷ አፏ ተዘግቶ እርሳቸው ለምን መድረክ ያገኛሉ?» የሚለው ቅሬታ ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ግብዣውን አልሰረዘም፤ አቶ መለስም ተናገሩ። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ጋዜጠኛ አበበ ገላው እርሳቸው በተቀመጡበት አዳራሽ ተነሥቶ ጮኸባቸው። ሰውየውን ከመድረክ ማስወረድ ያልቻለ ድምፅ ከአዳራሹ መሐል ወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ያገኘሁት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ መድረክ መከልከል ለሁሉም ሰው እኩል አይከብድም። የአንድ አገር መሪ ኮሎምቢያ ቢከለከል አገሩ ላይ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮውና ጋዜጣው በእጁ ነው። ዝነኛ ድምፃዊ ቢከለከል ሕዝቡ ዘፈኑን በየታክሲው ያዜመዋል። የእኔ ልጅ ግን የነበረው ያቺው ሰላሳ ደቂቃ ነበረች። እኛ ደግሞ ዘወትር የምንደፍረው ሌላ መድረክ የሌለውን ነው። ለትልቁ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ትንሹን እንሰርዛለን።

ሁለተኛው ነገር፣ አለመጋበዝና ጋብዞ መሰረዝ የተለያዩ ናቸው። ሰርግህ ላይ ያልጠራኸው ሰው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ አላዋረድከውም። ጠርተኸው፣ ልብሱን ለብሶ ሲመጣ ከበር የመለስከውን ግን ሰፈሩ ሁሉ «ምን አድርጎ ይሆን?» ይለዋል። ግብዣ ቃል ነው። ቃል የሚፈርስበት ጊዜ የለም አልልም፤ ያፈረሰው ሰው ግን ምክንያቱን የመናገር ዕዳ አለበት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «አንተ ስለ ልጁ ክብር ታወራለህ፤ ወንድሟ ከቡራዩ ስለ ሸሸባት ልጅስ?» ይለኝ ይሆናል። ትክክል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ብዙ ክርክሮች የሚያስቀይሙኝም እዚህ ላይ ነው። የመናገር ነፃነት ወዳጆች ነን የሚሉት ቃል ማንንም አይገድልም ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ቡራዩን አላዩም። ሰበታንም አላዩም፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቢሾፍቱው የኢሬቻ ሐዘን ማግሥት ፋብሪካዎች ሲቃጠሉ አላዩም። በእኛ ከተሞች ከአፍ የወጣ ቃል ከአፋፍ ወርዶ ቤት ያፈርሳል። በ2012 ዓ.ም. የካቲት፣ ከእኛ ዝግጅት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185 ሲያጸድቅ የአገሪቱ ሥጋት መሠረት ነበረው። ሕጉ በማን እጅ እንዴት ሊሠራበት ይችላል የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው።

ስለዚህ አንድ መስመር ማስመር ግድ ይላል። ንብረት አቃጥሉ፣ ጎረቤታችሁን አባርሩ የሚል ሰው ስለ ዱቤ መዝገብም ቢሆን ከእኔ መድረክ ላይ አይቆምም። የእርሱ ጉዳይ የሐሳብ ልዩነት አይደለምና። ከዚያ በታች ያለው ግን፣ መራራው፣ ጅምላውና ያልበሰለው ቃል፣ ብዙዎቻችን በ2011 ዓ.ም. ወይ ጽፈነዋል፣ ወይ ተስማምተንበታል፣ ወይ ዝም ብለን አሳልፈነዋል። እርሱን የጻፈ ሁሉ ከመድረክ ይውረድ ካልን አዳራሹ ውስጥ ወንበር እንጂ ሰው አይቀርም።

ልጅቷን በተመለከተ ደግሞ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። እርሷ «አልመጣም» አለች እንጂ «አውጡት» አላለችም። አለመምጣት ሙሉ መብቷ ነበር፤ ማንም ሰው የሰደበውን ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አይገደድም። እኛ ግን ሐዘኗን ወስደን ምክንያት አደረግነው፤ እርሷን ሳንጠይቅ በእርሷ ስም ፈረድን። ከወራት በኋላ ይህንኑ ባነሣባት «እኔ መቼ ዋሹት አልኳችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የድሮ ሰዎች ሙግት ሲገጥማቸው ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠሩና ዳኛ እስኪያገኙ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ለዛሬ ሰው ያስቃል። ግን ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት ተመልከቱ። ተከሳሹ ማን እንደከሰሰው ያውቃል፤ ፊቱን ያያል፤ አብሮት ይራመዳል። ከሳሹም ያንን ሰው እየጎተተ ሲሄድ የክሱ ክብደት በራሱ ትከሻ ላይ ነው። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ሁለቱም በየተራ ይናገራሉ። «ወንዝ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ተረት የሚሠራው ዳኛ ሲኖር ነው። እኛ ስድስታችን ከሳሹን ሰወርነው፤ ተከሳሹን አልሰማነውም፤ ፍርዱን ደግሞ «ሰዓት ተጣበበ» በሚል ቃል ሸፈንነው። ነጠላው ተፈታ፤ ማንም ከማንም ጋር አልታሰረም። ቀላል ነበር። ቀላል መሆኑ ራሱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 «ረስት» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ አንድ ባለሙያ ዋና ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ በተደረገ ውይይት ንግግሩ ከዋናነት ዝቅ እንዲል ተወሰነ። ሰውየውም ራሱን ከጉባኤው አገለለ። ነገሩ ሲወጣ የቋንቋው ማኅበረሰብ መሪዎች በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በዓለም ላይ በአእምሯቸው ከተመሰገኑ ሰዎች መካከል የሆኑት እነዚያ ባለሙያዎችም ወድቀው የተገኙት እኛው በወደቅንበት ጉድጓድ ነው፤ ማን፣ ለምን፣ በምን ሥልጣን እንደወሰነ አለመናገር።

መድረክ ላይ ሳይደርሱ የሚቀሩ ደግሞ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል በተደረገው ታላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የካናዳ ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ማንም ስማቸውን በእስክሪብቶ አልሰረዘም። «አይ ሲ ኤል አር» የተባለው ሌላው ትልቅ ጉባኤ ደግሞ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በኢንተርኔት ብቻ ሆነ እንጂ ዓለም ወደ እኛ በር ሊመጣ ነበር። ይህን የማነሣው በከንቱ አይደለም። በየኤምባሲው በር የምንመለስ ሰዎች፣ በራችን ላይ የቆመውን የራሳችንን ልጅ ስንመልስ ቢያንስ ስሜቱን ልናውቀው ይገባል ለማለት ነው።

ልጁን በኋላ አገኘሁት። አስኮ ላይ የቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ይዤ ከኋላዬ ቆመ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አልቻልኩም። እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «አውቄዋለሁ ጋሼ» አለኝ። «ያንን የጻፍኩት በዚያ ሳምንት ነው፤ እኛም ቤት ሰው ሞቶብን ነበር። ከዚያ አጠፋሁት። ብትጠይቁኝ ይህን እነግራችሁ ነበር። ባታምኑኝና ብታስቀሩኝ እንኳ እሺ እል ነበር። የከፋኝ ሌላ ነው። ማን እንደከሰሰኝ ስላልነገራችሁኝ እስካሁን ሁሉንም እጠረጥራለሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሁሉ።»

ታክሲው መጣ፤ ቦታ የነበረው ለአንድ ሰው ነበር። «ግባ» አለኝ። «አንተ ግባ» አልኩት። እርሱም ገባ።

በዚያ ምሽት በእግሬ ጥቂት ተራምጄ ያሰብኩት ነገር ይህ ነው። እኛ ስሙን የሰረዝነው ጥላቻ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ብለን ነበር። ያደረግነው ግን አንድ ወገን ላይ በችኮላ የተጻፈን ቂም አንሥተን፣ ስም በሌለው ጥርጣሬ አባዝተን ለልጁ መመለስ ነው። ያ ፌስቡክ ላይ የጻፈው ቃል ጠፍቶ ነበር። እኛ የጻፍንበት ግን አልጠፋም።

እንግዲህ ሰው ከመድረክ አይውረድ ማለቴ አይደለም። ዛሬም ያ ሁኔታ ቢገጥመኝ ምናልባት ልጁ አይናገርም ይሆናል። ግን መጀመሪያ ደውዬ «ይህን ጽፈሃል ወይ?» እለዋለሁ። ጽፌያለሁ ካለ «ዛሬስ ምን ትላለህ?» እለዋለሁ። ልጅቷንም «ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ?» እላታለሁ፤ በእርሷ ፋንታ አላዝንም። አዳራሽ የሰጡንን ሰዎች «ምክንያታችሁን በስማችሁ እናገራለሁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ መሰረዝ ካለበት ይሰረዝ፤ ነገር ግን የሰረዘው እጅ ይታይ። ይህ ሁሉ አራት ስልክ መደወል ነው። እኔ የደወልኩት አንድ ጊዜ ነበር፤ እርሱንም ለመዋሸት።

ያ መርሐ ግብር እስካሁን ፋይል ውስጥ አለኝ። ከጠዋቱ 4፡30 እስከ 5፡00 ሰዓት ያለው ቦታ ላይ «የሻይ ዕረፍት» የሚል ተጽፎበታል።